የካሜራ ተጓዳኝ ዕቃዎች የታሪፍ አመዳደብና የተጻፈ ውሳኔ አስፈላጊነት

የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ያሻሻለው የዕቃዎች መለያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2028፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ እየተከለሰ የሚወጣው ይህ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ለጉምሩክ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ የቁጥር ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ሆኖም የታሪፍ ቁጥር ወደ አገር የሚገባ ዕቃ የሚከፈልበትን ቀረጥና ታክስ፣ የሚጠየቅበትን ፈቃድና በንግድ ስታቲስቲክስ የሚያዝበትን ስፍራ የሚወስን እንደመሆኑ ከጉምሩክ ቅጥር ግቢ ውጭ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛም ይመለከታል። ለዚህ የካሜራ ተጓዳኝ ዕቃዎች፣ በገበያው አጠራር አክሰሰሪ የሚባሉት፣ ቅርብ ማሳያ ናቸው።

ጉዳዩን በአዲስ አበባ መሐል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ካዛንቺስ ላይ ሆኖ መመልከት ይቻላል። የሰፈሩ ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ተቀጣሪዎች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮተ ስም «ኢንቺስ»ና ቤቶች የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ በግርድፉ የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች እንደማለት ነው። የሰፈሩ ነባር ክፍል በ2017 ዓ.ም. በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ቢዛወሩም፣ አካባቢው የስብሰባ ማዕከልነቱን አልለቀቀም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት በዚያው ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም እድሳቱ ተጠናቆ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ስብሰባ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ካሜራ ይበዛል። የመሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ የአገር ውስጥና የውጭ ጋዜጠኞች፣ በሆቴሎቹ ሠርግና ጉባኤ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ሁሉ ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ቦርሳ በውስጡ ያለው ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ የገባ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለገሃር ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ በምድር ባቡር ለሚመጣ ጭነት መድረሻ እንደነበር ይታወቃል። የካሜራ ዕቃ መጠኑ አነስተኛ፣ ዋጋው ግን ከፍተኛ በመሆኑ አውሮፕላን ይመርጣል። ስለዚህ የዛሬው የአመዳደብ ክርክር ከለገሃር ይልቅ ወደ ቦሌ ያመዘነ ነው።

የክርክሩ መነሻ «የካሜራ ዕቃ» የሚለው አነጋገር ነው። በገበያ ላይ ይህ አነጋገር አንድ የታወቀ የዕቃ ወገን ያመለክታል፤ ሻጩም ገዢውም ይግባባበታል። በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ስፍራ የለም። ሐርሞናይዝድ ሲስተም በሚል ስያሜ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሰኔ 7 ቀን 1975 ዓ.ም. በብራስልስ በጸደቀ ስምምነት የተመሠረተና እ.ኤ.አ. ከ1988 መባቻ ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከአምስት ሺህ በላይ የዕቃ ምድቦችን በባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይለያል። ኢትዮጵያም በዚሁ ላይ ሁለት አሃዝ ጨምራ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር ትጠቀማለች። ሥርዓቱ ዕቃን በቅድሚያ የሚጠይቀው «ለምን ታገለግላለህ?» ብሎ ሳይሆን «ምንድን ነህ?» ብሎ ነው።

የአንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያን ቦርሳ ከፍተን ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዲጂታል ካሜራው በአንቀጽ 85.25 ይመደባል። ለብቻው የመጣ፣ ማቀፊያው የተገጠመለት ሌንስ በ90.02 ሲያዝ፣ ከሌንሱ ፊት የሚጠለቀው ማቀፊያ ያለው ማጣሪያም እዚያው በሌላ ንዑስ አንቀጽ ይገኛል። የሊቲየም ባትሪው ከስልክና ከኮምፒዩተር ባትሪዎች ጋር በ85.07፣ ቻርጀሩ ከኤሌክትሪክ ኃይል መቀየሪያዎች ጋር በ85.04፣ ሚሞሪ ካርዱ በ85.23፣ ማይክሮፎኑ በ85.18፣ ማገናኛ ሶኬት ያለው ገመድ በ85.44 ይመደባሉ። የፍላሽ መብራቱ በ90.06 ስሙ ተጠርቶ ተቀምጧል፤ ያለማቋረጥ የሚያበራው የስቱዲዮ ኤልኢዲ መብራት ግን ሥራው ከፍላሹ ጋር ቢመሳሰልም ወደ መብራት ዕቃዎች አንቀጽ ወደ 94.05 ያመራል። ትራይፖድ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ 96.20 ላይ ነው። ቦርሳው ራሱ በ42.02 ከሻንጣዎች ጋር አለ። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ጓዝ በአሥራ አንድ አንቀጾች ተበታተነ ማለት ነው። ሁሉም «ለካሜራ» ነው፤ ይህ መሆኑ ብቻውን ግን አንዱንም ወደ ካሜራው አንቀጽ አላመጣውም።

ይህ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። የመጀመሪያው የትርጓሜ ደንብ አመዳደብ የሚወሰነው በአንቀጾቹ ቃላትና በክፍልና በምዕራፍ ማስታወሻዎች መሠረት እንደሆነ ይደነግጋል። እነዚህ ማስታወሻዎች ደግሞ የአንድ መሣሪያ አካል የሆነ ዕቃ በምዕራፍ 84፣ 85፣ 90 ወይም 91 የራሱ አንቀጽ ካለው እዚያው እንደሚመደብ ያስገድዳሉ። ባትሪው የካሜራ እንጂ የሌላ መሣሪያ እንዳይሆን ተደርጎ ቢቀረጽ እንኳ ባትሪነቱን አያጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ፣ ለባለሙያውም ጠቃሚ የሆነ አንድ ነጥብ አለ። ፊልም የሚጠቀመው የቀድሞው ካሜራ በምዕራፍ 90፣ በአንቀጽ 90.06 ይመደባል። በዚያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ለካሜራ «ክፍሎችና ተጓዳኝ ዕቃዎች» የሚል ንዑስ አንቀጽ ስላለ፣ የራሱ ሌላ ስፍራ የሌለው የካሜራ አክሰሰሪ ማረፊያ ነበረው። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ግን ፊልም ከሚጠቀመው ታላቁ ተለይቶ ከቴሌቪዥን ካሜራ ጋር በምዕራፍ 85 ተቀመጠ። የ85.25 ተከታይ የሆነው 85.29 ደግሞ የሚናገረው ስለ «ክፍሎች» ብቻ ነው፤ ተጓዳኝ ዕቃ የሚል ቃል በውስጡ የለም። ካሜራው ምዕራፍ ሲቀይር ቃሉ ከኋላ ቀረ።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ካሜራው ያለ እሱ ሊሠራ የማይችል የውስጥ አካል፣ ለምሳሌ የምስል መቀበያው ያለበት ስብስብ፣ በ85.29 ቢመደብ የሚያከራክር አይሆንም። የትከሻ ማንገቻ ግን የካሜራ ክፍል ነው ሊባል አይችልም፤ ካሜራው ያለ ማንገቻ ያነሣል። ስለዚህ ጨርቅ ከሆነ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ውጤቶች፣ ቆዳ ከሆነ ወደ ቆዳ ውጤቶች ምዕራፍ ይሄዳል። ለፊልም ካሜራ አክሰሰሪ የተለመደውን አሠራር በዲጂታሉ ላይ እንዳለ የሚገለብጥ መዳቢ፣ ወይም ዲክላራሲዮኑን የሚሞላ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ከአንቀጹ ቃል ወጥቷል። ልማድ እንደሆነ ከቃል በኋላ ነው የሚለወጠው።

ትራይፖዱም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ እትም በፊት ለማቆሚያዎች የተለየ አንቀጽ ስላልነበረ፣ አንዱ ማቆሚያ የካሜራ ተጓዳኝ ዕቃ ነው ተብሎ፣ ሌላው ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ መሠራቱ ታይቶ በተለያዩ ስፍራዎች ይመደብ ነበር። አዲሱ እትም 96.20ን በመፍጠር ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዎችንና መሰሎቻቸውን በአንድ ላይ ሰበሰበ፤ ከሌሎቹ ምዕራፎችም በማስታወሻ አስወጣቸው። አንድ ክርክር በአንድ መስመር ተዘጋ። የሚያስገርመው ግን በሞተር እየተንቀሳቀሰ የካሜራውን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ጊምባል ገበያውን የሞላው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ጊምባል ማቆሚያ ነው? ማሽን ነው? ወይስ የካሜራ አካል? በእጅ ስለሚያዝ ከማቆሚያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሞተርና መቆጣጠሪያ ስላለው ደግሞ ከማሽን ይጠጋል። ሁለት በቅን ልቡና የሚሠሩ ባለሙያዎች በዚህ ዕቃ ላይ ቢለያዩ የሚያስወቅሳቸው አይሆንም። የሚያስወቅሰው ልዩነታቸው ሳይጻፍና ሳይፈታ፣ ለሚቀጥለው አስመጪና ለሚቀጥለው መዳቢ እንደ አዲስ መተላለፉ ነው።

ቦርሳውን በተመለከተ የትርጓሜ ደንቦቹ በቀጥታ ይናገራሉ። አምስተኛው ደንብ ስለ ማኅደሮች ሲደነግግ ምሳሌ አድርጎ የሚጀምረው በካሜራ ማኅደር ነው። ለአንድ የተወሰነ ዕቃ ተብሎ የተቀረጸ፣ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል፣ ከዕቃው ጋር አብሮ የቀረበና በተለምዶም አብሮ የሚሸጥ ማኅደር ከዕቃው ጋር ይመደባል። ያው ማኅደር ለብቻው ሲመጣ ግን ሻንጣ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ካርድና ባትሪ ለአንድ ዓላማ በአንድ ካርቶን ታሽገው፣ ዳግም ሳይታሸጉ ለተጠቃሚ እንዲሸጡ ተዘጋጅተው ሲመጡ በሦስተኛው ደንብ መሠረት ዋናውን ባሕርይ በሚሰጠው ዕቃ፣ ማለትም በካሜራው ይመደባሉ። አንድ አስመጪ በአንድ ጭነት 50 ካሜራና 200 ባትሪ በተለያየ ካርቶን ቢያመጣ ግን ይህ ስብስብ አይደለም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይታያል። አንዱ ቁጥር ከሌላው ያነሰ ቀረጥ ባለው ጊዜ ሁሉ የተነጣጠለውን ማጣመር፣ የተጣመረውን መነጣጠል የሚያጓጓ መሆኑ አይቀርም። የፍተሻ ሥራ ክብደትም እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ምን ያህል ነው? ለማሳያ ያህል ብቻ፣ ጉምሩክ የተቀበለው ዋጋ 100 ሺህ ብር የሆነ ዕቃ በአንድ ቁጥር 10 በመቶ፣ በሌላ ቁጥር 30 በመቶ ቀረጥ ይጣልበታል ብለን እንነሣ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 133 የተደነገገው የ10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ ቀረጡንም ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ጨምሮ ይሰላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ሦስቱ ክፍያዎች ተደምረው 39 ሺህ 150 ብር ሲሆኑ፣ በሁለተኛው 64 ሺህ 450 ብር ይደርሳሉ። የ20 ሺህ ብር የቀረጥ ልዩነት በላዩ ላይ በሚደራረቡት ታክሶች ምክንያት ወደ 25 ሺህ 300 ብር አድጓል። የሌሎች ክፍያዎች ስሌት በዚህ ውስጥ አልገባም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የዶላር ዋጋ በብር ሲተመን ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ በመሆኑ፣ በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ያው ሌንስ በታሪፍ ስሕተት የሚያስከትለው የብር ልዩነትም በዚያው ልክ ከብዷል።

ኤክሳይዝ ታክስ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 በሠንጠረዡ የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሜራዎችን 40 በመቶ አስከፍሎ ነበር። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሣውና ቪዲዮ የሚቀርጸው መሣሪያ በዓይን የሚለያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ ሌንሱ የሚቀያየር የፎቶ ካሜራ ሆኖ ሲቀርብ፣ ካኖንም በወሩ በ5ዲ ማርክ 2 ሲከተል፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ድንበር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ያለ አብዛኛው የፎቶ ካሜራ ቪዲዮ ይቀርጻል። ታዲያ ይህ ካሜራ ቪዲዮ ካሜራ ነው? ነው ከተባለ፣ ከላይ በተጠቀሰው የ100 ሺህ ብር ምሳሌ፣ በ10 በመቶ ቀረጥ 39 ሺህ 150 ብር የነበረው ክፍያ 94 ሺህ 810 ብር ይሆናል። አይደለም ከተባለ ኤክሳይዙ የለም። የአንድ ቃል ትርጉም የ55 ሺህ 660 ብር ልዩነት ያመጣል። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1186 ተተክቷል፤ ጥያቄው ግን ሕግ ቴክኖሎጂን ተከትሎ ሳይደርስ ሲቀር መዳቢው ብቻውን ምን ዓይነት ሸክም እንደሚሸከም ያሳያል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል የፎቶ ካሜራን ከቀረጥ ነጻ ሲያደርግ በቪዲዮ ካሜራ ላይ ግን ቀረጥ ይጥል ነበር። ሁለቱን ለመለየት ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ ካሜራው በአንድ ተከታታይ ቀረጻ 30 ደቂቃ መድረስ መቻሉ ነው። አምራቾቹ ምን አደረጉ? ካሜራዎቻቸው 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሞላ ቀረጻ እንዲያቋርጡ አድርገው ሠሩ። ካዛንቺስ ባለ አዳራሽ ውስጥ የሚኒስትር ንግግር ሲቀርጽ ካሜራው ከግማሽ ሰዓት በፊት በራሱ የቆመበት ባለሙያ መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችል ነበር፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ግን በብራስልስ የተጻፈ የታሪፍ ማብራሪያ ነው። ኋላ የቀረጡ ልዩነት በዓለም አቀፍ ስምምነት እየጠበበ ሲሄድ ገደቡም ከአዳዲስ ካሜራዎች ላይ እየተነሣ መጥቷል።

ከዚህ በመነሣት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግዥ ክፍሎች ድርሻ ምን እንደሆነ መመልከት ተገቢ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ «ካሜራ ከነሙሉ ተጓዳኝ ዕቃው፣ ብዛት 1» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ለአዘጋጁ ቀላል፣ ለኮሚቴውም የማያከራክር አጻጻፍ ነው። ነገር ግን አቅራቢው ይህንኑ ቃል ወደ ውጭ አገር ሻጭ ይልካል፤ ሻጩም በዚያው ቃል በአንድ መስመርና በአንድ ዋጋ ኢንቮይስ ያወጣል፤ ኢንቮይሱም በዚያው መልክ ዲክላራሲዮን ይሆናል። ጭነቱ ለፍተሻ ከተመረጠ ካርቶኑ ይከፈታል፣ አሥራ አንዱ ዕቃ ይወጣል፣ አንዱ ዋጋ ለአሥራ አንድ መከፋፈል ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ የጉባኤው ቀን ይደርሳል፣ አቅራቢውም በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ያላሰበው ቀረጥ መጥቷልና የውል ማስተካከያ ይጠይቃል። ችግሩ ቦሌ ላይ ይታይ እንጂ የተጀመረው ካዛንቺስ ባለ ቢሮ፣ ስፔሲፊኬሽኑ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ፣ በሞዴሉ፣ በብዛቱና በነጠላ ዋጋው እንዲዘረዝር ተጫራቹን ማስገደድ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ከቀረጥ ነጻ መብት ያላቸው ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ኤምባሲዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ቀረጥ ባይከፍሉም ዲክላራሲዮን ያቀርባሉ፤ ዕቃው ኋላ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ የሚሰላው በተመደበበት ቁጥር ነው። ለስብሰባ ዘገባ በጊዜያዊነት የሚገባ የጋዜጠኛ መሣሪያም ሲወጣ ከገባው ጋር የሚመሳከረው በዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩ «የካሜራ ዕቃ» ብቻ ካለ ማመሳከሩ ትርጉም አይኖረውም።

የጉምሩክ አስተዳደሩ ባለፉት ዓመታት በርካታ ለውጦች አድርጓል። በ2000 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሆኖ የተዋቀረው ተቋም በ2011 ዓ.ም. ተለይቶ የጉምሩክ ኮሚሽን ራሱን ችሏል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 ተሻሽሏል፤ በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተጀምሯል። በአመዳደብ ውሳኔ ቅር የተሰኘ አስመጪ ቅሬታ የሚያቀርብበትና እስከ ይግባኝ የሚደርስበት መንገድም በሕግ አለ። ይሁን እንጂ ለ15 ሺህ ብር ልዩነት ይግባኝ የሚል አስመጪ ጥቂት ነው። አብዛኛው ከፍሎ ዕቃውን ይወስዳል፣ ልዩነቱንም በዋጋው ላይ ይጨምራል። ስለሆነም በትናንሽ ዕቃዎች ላይ የሚፈጸም የአመዳደብ ስሕተት በይግባኝ ይታረማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ይልቁንም የሚያዋጣው ዕቃው ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። የዓለም የንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሥራ ላይ ሲውል አባል አገሮች በታሪፍ አመዳደብ ላይ ቅድመ ውሳኔ እንዲሰጡ ግዴታ ጥሏል። በ1995 ዓ.ም. የአባልነት ጥያቄ ላቀረበችው ኢትዮጵያም ጽንሰ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ቅድመ ውሳኔ ለጠየቀው ሰው ብቻ ተሰጥቶ በፋይል ውስጥ ከቀረ ጥቅሙ ግማሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረትና የአሜሪካ ጉምሩክ የሚሰጧቸውን የአመዳደብ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ማንም ሊፈትሽ በሚችል የመረጃ ቋት ላይ ያወጣሉ፤ የጠያቂው የንግድ ምስጢር ይሸፈናል፣ የዕቃው መግለጫና የሕጉ ምክንያት ግን ይታያል። የጊምባል ጉዳይ አንድ ጊዜ በዚህ መልክ ቢወሰን ሁለተኛው አስመጪ መጠየቅ፣ ሁለተኛው መዳቢም እንደገና መመራመር አያስፈልገውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የታተመ ውሳኔ የመዳቢውን እጅ ያስራል፤ የተሳሳተ ከሆነም ስሕተቱ በመላ አገሪቱ ይሰራጫል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት የለውም ማለት አይቻልም፤ በተለይ ሞዴሉ በየስድስት ወሩ በሚለወጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ የዛሬ ውሳኔ ለነገ ላይሠራ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አስገዳጅ የታሪፍ መረጃ የሚጸናው ለሦስት ዓመት ብቻ መሆኑም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ነገር ግን የታተመ ስሕተት የሚያየው ሰው ስለሚበዛ ቶሎ ይገኛል። ያልተጻፈ ስሕተት ግን ስሕተት መሆኑ እንኳ ሳይታወቅ ለዓመታት ይኖራል፤ አንዱ ቅርንጫፍ የሚያስከፍለውንም ሌላው ላያውቀው ይችላል። የጽሑፍ ምክንያት ለመዳቢው ራሱ መከላከያ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። ባለሙያው ዝቅተኛውን ቁጥር በመምረጡ በአድልዎ ሊጠረጠር፣ ከፍተኛውን በመምረጡ በአስመጪው ሊከሰስ በሚችልበት ሥራ፣ ከቀድሞ ውሳኔ ጋር ተነጻጽሮ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ብዙ ያድነዋል።

የመጪው እትም ዝግጅትም ይህንኑ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ እትም ሥራ ላይ ሲውል ድሮን በ88.06 የራሱን አንቀጽ አግኝቷል። ከዚያ በፊት ካሜራ የተገጠመለት ድሮን «የሚበር ካሜራ» ነው ተብሎ በ85.25፣ ወይም አውሮፕላን ነው ተብሎ በምዕራፍ 88 ሲመደብ የቆየባቸው አገሮች ነበሩ። ድሮን ከቀረጡ በላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ በመሆኑ፣ እንደ ካሜራ ተመድቦ ማለፉ ከገቢ ማጣትም የሰፋ ጉዳይ ነበር። በዚያው እትም 85.25 ራሱ ተከፋፍሎ በከፍተኛ ፍጥነት የሚቀርጹ፣ ጨረር የሚቋቋሙና በጨለማ የሚያዩ ካሜራዎች ከመደበኛው ተለይተዋል። ስለዚህ «ካሜራ» የሚለው ቃል ብቻውን ዛሬ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አያስገኝም።

የዓለም የጉምሩክ ድርጅት በነባሩና በአዲሱ እትም መካከል ያለውን ተዛምዶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀቱ የተለመደ ነው። ሠንጠረዡ ግን የሚያቆመው በስድስተኛው አሃዝ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው፣ በእነርሱም ላይ የተንጠለጠሉት የቀረጥ ልክ፣ የማበረታቻ መብትና ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት መሠረት የሚቀርቡ የታሪፍ ቅነሳ ሠንጠረዦች፣ የአገር ውስጥ ባለሙያ ሥራ ናቸው። የግዥ ክፍሎችም ቢሆኑ እስከ ታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. የሚዘልቅ የማዕቀፍ ውል ሲፈራረሙ በውሉ ላይ የሚጽፉት የታሪፍ ቁጥር የየትኛው እትም እንደሆነና ቁጥሩ ቢለወጥ የቀረጡን ልዩነት ማን እንደሚሸከም አስቀድመው ማስፈር ይኖርባቸዋል።